የሞንታናው 93ኛ አውራ ጎዳና፦ በነባር ሕዝቦች ምድር ላይ አደገኛ መንገድ እንዴት እንደገና ተሠራ

በአሜሪካዋ የሞንታና ግዛት ምዕራባዊ ክፍል በርካታ አሽከርካሪዎች በመኪናቸው የኋላ መከላከያ ላይ ይለጥፉት የነበረ አንድ አጭር ጽሑፍ ነበር፦ «ጸልዩልኝ፤ በ93 ነው የምነዳው» የሚል። 93 የተባለው ከሚዙላ ከተማ ወደ ሰሜን አቅንቶ የነባር ሕዝቦች ምድር የሆነውን የፍላትሄድን ሪዘርቬሽን ከደቡብ እስከ ሰሜን የሚያቋርጠው አውራ ጎዳና ነው። ኤቫሮ ከተባለችው መንደር እስከ ፖልሰን ከተማ ያለው ክፍሉ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። ይህ ክፍል ለብዙ አሥርተ ዓመታት በአብዛኛው በየአቅጣጫው አንድ መስመር ብቻ የነበረው ሲሆን፣ ረጅም ጉዞ የሚጓዘው የጭነት መኪና፣ ወደ ተራሮቹና ወደ ሐይቁ የሚጣደፈው ጎብኚ፣ የትምህርት ቤት አውቶቡስና የገበሬ ትራክተር አንዱ ሌላውን እየተጋፋ የሚሄድበት መንገድ ነበር። በዚህ ላይ አጋዘን፣ ኤልክ የሚባለው ትልቅ የአጋዘን ዘመድና ድብ ጨለማን ተገን አድርገው ከተራራ ወደ ወንዝ፣ ከወንዝ ወደ ተራራ ይሻገሩበታል።

በመንገዱ እንደገና መሠራት ላይ የተከራከረ ሰው አልነበረም። ክርክሩ የተነሣው እንዴት ይሠራ በሚለው ጥያቄ ላይ ነው፤ ክርክሩም ዓመታት ፈጀ። እነዚያ ዓመታት በከንቱ አልጠፉም ብዬ አምናለሁ፤ ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ግን በመጀመሪያ መንገዱ የሚያልፍበት ምድር የማን እንደሆነ መናገር ያስፈልጋል።

ምድሩ የማን ነው?

ሪዘርቬሽን ማለት የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ከፌዴራሉ መንግሥት ጋር በተፈራረሙት ውል ወይም በሕግ ለራሳቸው ያስቀሩት መሬት ነው። ቃሉ ብዙ ጊዜ «መንግሥት የሰጣቸው መሬት» ተብሎ ይተረጎማል፤ ይህ አተረጓጎም ነገሩን ይገለብጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1855 በተፈረመው የሄልጌት ውል የሳሊሽ፣ የፖንደሬይና የኩትናይ ሕዝቦች እጅግ ሰፊ አገራቸውን ለአሜሪካ መንግሥት ሲለቁ 500 ሺህ ሄክታር የሚያህለውን የፍላትሄድ ምድር ለራሳቸው አስቀሩ። «ጎሳ» የሚለው ቃልም በእኛ ቋንቋ የዝምድናና የትውልድ ሐረግን ብቻ ሊያመለክት ይችላል፤ በአሜሪካ ሕግ ግን እንዲህ ያለ ጎሳ የራሱ ምክር ቤት፣ ፍርድ ቤትና ፖሊስ ሊኖረው የሚችል መንግሥት ነው። የሦስቱ ሕዝቦች የጋራ መንግሥት የሆኑት የተባበሩት የሳሊሽና የኩትናይ ጎሳዎችም እ.ኤ.አ. በ1934 የወጣው የነባር ሕዝቦች ራስን የማደራጀት ሕግ ሥራ ላይ ሲውል በሕጉ መሠረት ለመደራጀት የመጀመሪያዎቹ ሆኑ።

በውሉና በዚህ መደራጀት መካከል ግን ሌላ ነገር ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1904 የወጣ ሕግ የጋራ የነበረውን መሬት በነፍስ ወከፍ እንዲሸነሸን አደረገ፤ «የተረፈው» የተባለው መሬትም ከ1910 ጀምሮ ከውጭ ለሚመጡ ሰፋሪዎች ተከፈተ። በዚህ ምክንያት ሪዘርቬሽኑ ዛሬ የጎሳው መሬት፣ የግለሰብ እርሻ፣ የግዛቱና የፌዴራሉ ይዞታ እንደ ዳማ ገበታ የተቀላቀሉበት ስፍራ ነው። ከነዋሪዎቹ አብዛኞቹ የጎሳው አባላት አይደሉም፤ ጎሳዎቹም መሬታቸውን ቁራጭ በቁራጭ መልሰው ሲገዙ ቆይተው ዛሬ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን በእጃቸው አድርገዋል። ይህ ታሪክ ከመንገድ ሥራ የራቀ ሊመስል ይችላል፤ ከዚህ በታች ስለ አጥር ርዝመት ስንነጋገር ግን ተመልሶ ይመጣል።

መንገዱ በዚህ ምድር ላይ ሁለት ሥራ ነበረው። ለሩቅ ተጓዡ ከሚዙላ ወደ ፍላትሄድ ሐይቅና ከዚያም ወደ ግላሲየር ብሔራዊ ፓርክ የሚያደርስ ፈጣን መስመር ነው። ለአርሊ፣ ለራቫሊ፣ ለሴንት ኢግናሸስ፣ ለሮናንና የጎሳው መንግሥት መቀመጫ ለሆነችው ለፓብሎ ነዋሪ ግን ወደ ክሊኒክ፣ ወደ ሱቅና ወደ ጎረቤት የሚያደርስ የሰፈር መንገድ ነው፤ ሌላ አማራጭ ስለሌለው። በአንድ አስፋልት ላይ አንዱ በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ ሌላው ወደ ቤቱ ለመታጠፍ ፍጥነቱን ሲቀንስ፣ አደጋው በማንም አሽከርካሪ ስንፍና ሳይሆን በመንገዱ አሠራር ውስጥ ተቀብሮ ይኖራል።

ችግሩ የፍላትሄድ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ በትራፊክ አደጋ የሚሞተው ሰው ብዛት ከሕዝብ ቁጥር ጋር ሲነጻጸር ከሁሉም በላይ ከፍ ብሎ የሚታየው በነባር ሕዝቦች ላይ ነው፤ በእግረኛ ሞትም እንዲሁ። መንገዶቹ የገጠር ናቸው፤ መብራትና የእግረኛ መሄጃ የላቸውም፤ ፍጥነቱ ከፍተኛ ነው፤ የተጎዳ ሰው ሆስፒታል እስኪደርስ ድረስም ሕይወትን ከሞት የሚለዩት ደቂቃዎች ያልፋሉ። በዚህ ላይ አንዱ መንገድ የግዛቱ፣ ሌላው የአውራጃው፣ ሌላው የፌዴራሉ የነባር ሕዝቦች ጉዳይ ቢሮ፣ ሌላው የጎሳው ስለሚሆን፣ የአደጋው መዝገብ በየቢሮው ተበታትኖ ይቀራል። ያልተመዘገበ አደጋ ደግሞ ለማሻሻያ ገንዘብ ለመጠየቅ ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብ አይችልም።

ማስፋት ለምን አልበቃም?

በ1990ዎቹ የሞንታና ትራንስፖርት መምሪያ ያቀረበው መፍትሔ መንገዱን ወደ አራትና አምስት መስመር ማስፋት ነበር። አስተሳሰቡ ምክንያት አልነበረውም ሊባል አይችልም። በሁለት መስመር መንገድ ላይ ገዳይ ከሆኑት አደጋዎች አንዱ፣ ቀስ ብሎ የሚሄድ መኪና የያዘው አሽከርካሪ ትዕግሥቱ አልቆ ለመቅደም ወደ ተቃራኒው መስመር ሲገባ የሚደርሰው የፊት ለፊት ግጭት ነው። ተጨማሪ መስመር ካለ ይህ ፈተና ይወገዳል። ዘመኑም በሞንታና የፍጥነት ጉዳይ ልዩ መልክ የያዘበት ነበር፤ ግዛቱ ከ1995 መጨረሻ እስከ 1999 ድረስ በቀን ለሚነዱ መኪኖች በቁጥር የተወሰነ የፍጥነት ወሰን አልነበረውም፤ ሕጉ አሽከርካሪው «አስተዋይነት በተሞላበት» ፍጥነት እንዲነዳ ብቻ ያዝዝ ነበር።

ጎሳዎቹ ግን ሐሳቡን ተቃወሙ። ተቃውሟቸውን ለአራዊትና ለቅርስ ብቻ ያሰቡ አድርጎ ማቅረብ ስሕተት ነው፤ የደህንነት ክርክርም ነበረው። ሰፊና ቀጥ ያለ መንገድ አሽከርካሪውን ፍጥነት እንዲጨምር ይጋብዘዋል። መንገዱን በእግሩ የሚሻገር ሰው በአንድ ጊዜ የሚያቋርጠው ርቀት በእጥፍ ይረዝማል። ወደ ግራ የሚታጠፍ መኪናም ከፊቱ የሚመጡትን ሁለት ረድፍ መኪኖች በአንድ ጊዜ መመዘን ይኖርበታል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰፊ መንገድ አዲስ ሰፈራን ይጠራል፤ በየዳሩ ቤትና ሱቅ ሲበቅል የመግቢያና የመውጫ መንገዶች ይበዛሉ፤ እያንዳንዱ መግቢያ ደግሞ አዲስ የግጭት ቦታ ነው። እንዲህ ሲሆን ዛሬ ለደህንነት ተብሎ የሰፋው መንገድ ከሃያ ዓመት በኋላ እንደገና ይጨናነቃል፤ በዚህ መካከልም በጎሳው ሕዝብ ዘንድ ስም ያላቸው ኮረብታዎች፣ መቃብሮች፣ ሥር የሚለቀምባቸው ሜዳዎች ይጠፋሉ። መሬቱን አንድ ጊዜ በሽንሸና ያጣ ሕዝብ በመንገድ ምክንያት ሁለተኛ ጊዜ እንዳያጣው መፍራቱ የሚያስወቅሰው አይመስለኝም።

ተቃውሞው ክብደት ያገኘው በሕግ ነው። የፌዴራል ገንዘብ የሚወጣበት መንገድ ከመሠራቱ በፊት በተፈጥሮ አካባቢ ላይ የሚያደርሰው ተጽዕኖ መጠናት አለበት፤ በታሪካዊ ቦታዎች ላይ የሚያመጣው ጉዳትም ከሚመለከታቸው ጎሳዎች ጋር ምክክር ይጠይቃል። መንገዱ ለመስፋት የሚያስፈልገው መሬት የጎሳው ሲሆን ደግሞ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ መቀጠል አይቻልም። የፌዴራሉ አውራ ጎዳና አስተዳደርም በ1996 በሰጠው ውሳኔ መንገዱ መሻሻል እንዳለበት ተቀበለ፤ ነገር ግን የመስመሮቹ ቁጥርና የንድፉ ዝርዝር ሦስቱ መንግሥታት፣ ማለትም ጎሳዎቹ፣ ግዛቱና ፌዴራሉ፣ እስኪስማሙ ድረስ እንዲቆይ አደረገ። ስምምነቱ የተፈረመው በዲሴምበር 2000 ነው። በመካከሉ ባለፉት ዓመታት አሮጌው መንገድ በነበረበት አደጋ ማድረሱን አላቆመም፤ ይህ መራራ እውነት ነው፣ ሊደበቅም አይገባም። ሆኖም ጥፋቱ «አይሆንም» ባሉት ላይ መጫን የለበትም፤ የመጀመሪያው ንድፍ ከመሳሉ በፊት የምድሩን ባለቤቶች አስቀምጦ መጠየቅ ይቻል ነበርና።

«መንገዱ እንግዳ ነው»

ከስምምነቱ በኋላ ንድፉ የተመሠረተበት ሐሳብ አንድ ነበር፦ መንገዱ በዚህ ምድር ላይ እንግዳ ነው። ይህን ለመረዳት ለአማርኛ አንባቢ ብዙ ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይመስለኝም። እንግዳ የባለቤቱን ቤት ሥርዓት ያከብራል፤ ገብቶ ምሰሶ አይነቅልም። ቀያሾቹ ከሽማግሌዎችና ከጎሳዎቹ የባህል ኮሚቴዎች ጋር ስለ ቦታዎቹ ተነጋገሩ፤ መንገዱ ኮረብታውን ሰንጥቆ ቀጥ ብሎ ከመሄድ ይልቅ የመሬቱን አቀማመጥ ተከትሎ በለሰለሱ ኩርባዎች እንዲጓዝ ሆነ። ይህ ውበትን ብቻ የሚመለከት አይደለም። ረጅም ቀጥ ያለ መንገድ አሽከርካሪን ያፈዝዛል፤ በለዘበ ኩርባ የሚሄድ ግን ዓይኑንና እጁን በሥራ ላይ ያቆያል።

የመስመሮቹ ጥያቄ የተፈታው ለ90ው ኪሎ ሜትር ሁሉ አንድ ዓይነት ልብስ ባለመስፋት ነው። ትራፊኩ በሚበዛበት ቦታ አራት መስመር ተሠራ፤ በሌላው ቦታ ሁለት መስመር ሆኖ ቀረና፣ ለመቅደም እንዲመች በአንዱ ወይም በሌላው አቅጣጫ አንድ መስመር ተጨመረለት። የዚህን አሠራር ጥቅም ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። አሽከርካሪው ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ ፊት የመቅደሚያ መስመር እንዳለ ካወቀ ሕይወቱን ለአደጋ አጋልጦ ለመቅደም የሚያነሣሣው ምክንያት ይቀንሳል፤ መንገዱም በሙሉ ርዝመቱ ሳይሰፋ የአራት መስመርን ጥቅም በከፊል ያገኛል። ወደ ግራ ለሚታጠፉ መኪኖች የተለየ መስመር መስጠትም ከኋላ በፍጥነት የሚመጣውን መኪና ከታጣፊው ያላቅቀዋል። የመንገዱ ትከሻ፣ ማለትም የአስፋልቱ ዳር፣ ሲሰፋ የተበላሸ መኪና የሚቆምበት፣ ከመስመር የወጣ አሽከርካሪም የሚመለስበት ቦታ ያገኛል።

በገጠር መንገድ ላይ ብዙ ሕይወት የሚያድኑት መሣሪያዎች ብዙ ጊዜ ርካሾቹ መሆናቸውን እዚህ ላይ ማንሣት ተገቢ ነው። ለምሳሌ በመንገዱ መካከለኛ መስመር ላይ የሚፈለፈሉ፣ ጎማ ሲያልፍባቸው የሚያንገጫግጩና የሚጮኹ ተከታታይ ጎድጎዶች አሉ። የፌዴራሉ አውራ ጎዳና አስተዳደር እንደሚለው እነዚህ በገጠር ሁለት መስመር መንገዶች ላይ ሞትና አካል ጉዳት የሚያስከትሉ የፊት ለፊት ግጭቶችን በ44 በመቶ ይቀንሳሉ። በማቆሚያ ምልክት ብቻ ይተዳደር የነበረ መስቀለኛ መንገድ ወደ አደባባይ ሲለወጥ ደግሞ ሞትና አካል ጉዳት የሚያስከትሉ ግጭቶች በ82 በመቶ እንደሚቀንሱ ይኸው መሥሪያ ቤት ይገልጻል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፦ አደባባይ ሁሉንም ያዘገያል፤ የሚደርሰው ግጭትም የጎን ንክኪ እንጂ ቀጥ ያለ ምት አይሆንም።

አራዊቱ፣ ድልድዩና አጥሩ

ከ2000ዎቹ አጋማሽ እስከ 2010 አካባቢ በተካሄደው ግንባታ ከሁሉም በላይ ስሙ የተነሣው ክፍል ለአራዊት የተሠሩት ወደ 40 የሚጠጉ መሻገሪያዎች ናቸው። አብዛኞቹ ከመንገዱ በታች የሚያልፉ ናቸው፦ ለዓሣና ለትናንሽ እንስሳት የሚሆኑ ቱቦዎች፣ ለአጋዘንና ለድብ የሚበቁ ሰፋፊ ቅስቶች፣ ወንዙ ብቻ ሳይሆን የወንዙ ዳርም በሥራቸው እንዲያልፍ ተደርገው የተረዘሙ ድልድዮች። አንዱ ግን ከመንገዱ በላይ ነው፤ በኤቫሮ አቅራቢያ ያለው ይህ ድልድይ ወደ 60 ሜትር ይሰፋል፤ አፈር ተደልድሎበት፣ ሣርና ቁጥቋጦ ተተክሎበታል። መኪናው ከሥሩ በዋሻ እንደሚያልፍ ሲያልፍ፣ በላዩ የሚሻገረው እንስሳ በኮረብታ ላይ የሚሄድ ይመስለዋል።

መሻገሪያ ብቻውን አይሠራም፤ እንስሳውን ወደ መሻገሪያው የሚመራ አጥር ይፈልጋል። ቁመቱ 2.4 ሜትር የሆነው አጥር አጋዘን ሊዘለው የማይችል ነው። ነገር ግን አጥር ወጥመድም ሊሆን ይችላል። በሆነ ክፍተት ወደ መንገዱ የገባ እንስሳ መውጫ ካጣ በሁለት አጥሮች መካከል በመኪኖች ፊት ሲሮጥ ይኖራል። ስለዚህ ከመንገዱ በኩል አፈር እንደ አቀበት እየተቆለለ እስከ አጥሩ መካከል ድረስ እንዲደርስ ተደርጓል፤ እንስሳው አቀበቱን ወጥቶ ወደ ውጭ ይዘላል፤ በውጭ በኩል ያለው ግድግዳ ቀጥ ያለ ስለሆነ ግን ተመልሶ መግባት አይችልም። አጥሩ በመግቢያ መንገድ በሚቋረጥበት ቦታ ደግሞ መሬት ላይ የብረት ፍርግርግ ይዘረጋል፤ መኪና ያልፍበታል፣ ባለ ሰኮና እንስሳ ግን ለመርገጥ ይፈራዋል።

ይህ ሁሉ ለአራዊት ተብሎ የወጣ ወጪ ብቻ ነው የሚል ሰው በጨለማ ከኤልክ ጋር የሚደርስን ግጭት ሊያስብ ይገባል። ከ300 ኪሎ ግራም በላይ ሊመዝን የሚችለው እንስሳ እግሩ በመከላከያው ሲመታ ሙሉ ክብደቱ በፊት መስታወቱ ላይ ይወድቃል፤ አጋዘኑን ለማዳን መሪውን የጠመዘዘ አሽከርካሪም ከተቃራኒው ጭነት መኪና ጋር ይገናኛል። እንስሳውን ከመንገዱ ማራቅ ሰውን ከሞት ማራቅ ነው።

በሞንታና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የምዕራብ ትራንስፖርት ተቋም ተመራማሪዎች ከ2010 እስከ 2015 ባሉት ዓመታት 29 መሻገሪያዎችን በካሜራ ተከታተሉ። በአማካይ በየዓመቱ ከ22 ሺህ ጊዜ በላይ እንስሳት ተሻግረዋል። አብዛኞቹ ነጭ ጅራት አጋዘኖች ሲሆኑ፣ ጥቁር ድብ፣ ቀበሮ የሚመስለው ኮዮቴ፣ ቦብካት የሚባለው የዱር ድመት፣ ኤልክና ግሪዝሊ ድብም ታይተዋል።

ነገር ግን የዚህ ክትትል ትልቁ ትምህርት ያለው በአጥሩ ርዝመት ላይ ነው። ተመራማሪዎቹ የዚህን መንገድና የሌሎች አካባቢዎችን ውጤት ሲያነጻጽሩ፣ አጥሩ ያለማቋረጥ 5 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ሲረዝም ከትላልቅ እንስሳት ጋር የሚደርሰው ግጭት ከ80 በመቶ በላይ እንደሚቀንስ፣ ከዚያ ሲያጥር ግን ቅናሹ በአማካይ ወደ 53 በመቶ እንደሚወርድና ውጤቱም ከቦታ ቦታ በጣም እንደሚለያይ አገኙ። እንስሳት የአጥሩን ጫፍ ዞረው ስለሚገቡ፣ አጭር አጥር አደጋውን አያስወግደውም፤ ጥቂት መቶ ሜትር ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ይገፋዋል። በ93ኛው መንገድ ከ90 ኪሎ ሜትሩ በሁለቱም በኩል የታጠረው ወደ 14 ኪሎ ሜትር ያህሉ ብቻ ነው፤ ያውም በተለያዩ ቦታዎች ተከፋፍሎ።

ለምን አልረዘመም? መልሱ ከላይ ወደ ተነሣው ታሪክ ይመልሰናል። ሸለቆው በየአነስተኛ ይዞታው የተከፋፈለ ስለሆነ እያንዳንዱ ቤትና እርሻ የራሱን መግቢያ ከአውራ ጎዳናው ላይ ይፈልጋል፤ እያንዳንዱ መግቢያም የአጥር ክፍተት ነው። ከመቶ ዓመት በፊት በቢሮ ውስጥ በወረቀት ላይ የተሰመረው የመሬት ሽንሸና ዛሬ አጋዘን መኪና ፊት የምትቆምበትን ቦታ እየወሰነ ነው ማለት ማጋነን አይሆንም።

በመንገዱ ዳር የቆሙት ምልክቶች ወንዞችንና ቦታዎችን በሳሊሽና በኩትናይ ቋንቋ ስማቸው ይጠራሉ። ሥራውን የወሰዱ ተቋራጮች የጎሳውን የሥራ ቅጥር ደንብ ማክበር ነበረባቸው፤ ደንቡ ለሥራው ብቁ የሆኑ የነባር ሕዝቦች አባላት በቅጥር ቅድሚያ እንዲያገኙ ያዝዛል። ለመንገድ ደህንነት የሚወጣ ገንዘብ በደሞዝ መልክ ወደዚያው ማኅበረሰብ መመለሱ በሌሎች አገሮችም ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

የቀረው ናይንፓይፕ

ሥራው ግን አላለቀም። ከሴንት ኢግናሸስ በስተሰሜን ወደ ሮናን ሲኬድ መንገዱ ናይንፓይፕ በሚባለው ረግረጋማ ስፍራ ያልፋል። የጥንት የበረዶ ግግር ሲቀልጥ ትቷቸው የሄዳቸው በርካታ ኩሬዎች በሜዳው ላይ ተበታትነዋል፤ ስፍራውም ከ1921 ጀምሮ የአዕዋፍ መጠለያ ሆኖ የተከለለ ነው። እዚህ ላይ ማስፋትም፣ ባለበት መተውም ከባድ ሆነ። አፈሩ ለስላሳና ውሃ የተሞላ ነው፤ መንገዱ በጥቂት ሜትር ቢሰፋ ኩሬ ይደፈናል። ቀለም የተቀባ የሚመስል ሆድ ያላቸው ኤሊዎች ከኩሬ ወደ ኩሬ ሲሻገሩ በመቶዎች ተጨፍልቀዋል፤ ከሚሽን ተራሮች ወደ ረግረጉ የሚወርዱ ግሪዝሊ ድቦችም በዚሁ ስፍራ በመኪና እየተገጩ ሞተዋል። በዚህ ምክንያት 18 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው ይህ ክፍል ከዋናው ግንባታ ተለይቶ ተጨማሪ ጥናት ተደረገለት፤ ጥናቱ በ2008 ቢጠናቀቅም፣ ረጃጅም ድልድዮችንና ለኤሊም ለድብም የሚሆኑ መተላለፊያዎችን የሚጠይቀው ሥራ የሚያስፈልገውን ገንዘብ ሳያገኝ ዓመታት አለፉ።

በ2021 የወጣው የፌዴራል የመሠረተ ልማት ሕግ ለአራዊት መሻገሪያዎች 350 ሚሊዮን ዶላር መደበ፤ ከፌዴራሉ የጎሳዎች የትራንስፖርት ፕሮግራም ገንዘብ ውስጥ ለደህንነት የሚለየውን ድርሻም ከ2 በመቶ ወደ 4 በመቶ ከፍ አደረገ። በዲሴምበር 2023 የመጀመሪያው ዙር የመሻገሪያ ድጋፍ ሲታወቅ፣ የተባበሩት የሳሊሽና የኩትናይ ጎሳዎች በናይንፓይፕ አካባቢ ከመንገዱ በላይ የሚያልፍ የአራዊት ድልድይ ለመሥራት 8.6 ሚሊዮን ዶላር ያህል ተፈቀደላቸው። በኤቫሮ ያለው ድልድይ የተሠራው በግዛቱ ትራንስፖርት መምሪያ የመንገድ ፕሮጀክት ውስጥ ነበር፤ የናይንፓይፑን ድልድይ በስማቸው የጠየቁት ግን ጎሳዎቹ ራሳቸው ናቸው።